በፎጣ የተሸፈነው ሰሌዳ

ኢያራ እርጥቡን ፎጣ ከቢጫው ሰሌዳ ላይ አነሳችው።

ፎጣው የአጎቷ የጁቬናል ነው። ዋኝቶ ሲወጣ እዚያ ሰቅሎት፣ «ጃፓኖች ለሁሉም ነገር መስቀያ ያዘጋጃሉ» ብሎ ነበር። ሁሉም ሳቁ። ሰሌዳው የቆመው የወንዙ ጠጠር አልቆ ከፍ ያለው ግንብ በሚጀምርበት ቦታ ነው። ሙቀት በጠና ቁጥር ከብራዚል የመጣው ቤተሰብ ሥጋ ሊጠብስ እዚህ ይመጣል። ሰሌዳውን ያነበበው ሰው ግን የለም።

ከላይ የነበረውን ሥዕል ፀሐይ በልታዋለች። የቀረው ሰማያዊ ጭረት ብቻ ነው። ከሥሩ አራት መስመር ጽሑፍ አለ። ኢያራ ትምህርት ቤት በምታነባቸው መጻሕፍት ከእያንዳንዱ ከባድ ፊደል ጎን አነባበቡን የሚነግር ትንሽ ፊደል ይታተማል። እዚህ የለም። የተጻፈው ለጃፓኖች ነው።

ፎጣውን ያነሳችው በአንድ ሽማግሌ ምክንያት ነው።

ጠዋት ሲመጡ ከእነሱ ወደ ላይ፣ ወንዙ ውስጥ፣ ረጃጅም ዘንግ የያዙ ዓሣ አጥማጆች ቆመው ነበር። ውሃው እስከ ወገባቸው ይደርሳል። ማንንም አያዩም፣ ማንንም አያናግሩም። ከዚያ አንድ በአንድ እየወጡ ሄዱ። የመጨረሻው ሽማግሌ ነበር። በአጠገባቸው ሲያልፍ ቆሞ ጮኸ። የውሃውና የሙዚቃው ድምፅ ቃሉን ዋጠው። ሽማግሌው ዘንጉን በብብቱ ይዞ ሁለት እጆቹን ደረቱ ላይ እንደ መስቀል አጣመረ፤ በጃፓኖች ዘንድ «አይሆንም» ማለት ነው።

«ሙዚቃውን ቀንሱ!» አለ ጁቬናል። «ሽማግሌው ተቆጣ።»

የጁቬናል ሚስት ኔይዴ ወደ ቫናቸው ሮጣ ካሴቱን ቀነሰች። ከዚያ በጃፓኖቹ ወግ ራሷን ዝቅ አድርጋ ይቅርታ ጠየቀች። ይህን ሁሉም ለምደውታል። በሚኖሩበት ሕንፃ፣ ከፋብሪካው በር ፊት፣ መናፈሻ ውስጥ፣ አንድ ጃፓናዊ እጁን ካጣመረ ብራዚላውያን ሙዚቃ ይቀንሳሉ። ወይ ሙዚቃው ነው፣ ወይ ጭሱ ነው፣ ወይ ቆሻሻው ነው። ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል ብሎ የሚያስብ የለም።

ሽማግሌው ግን ሙዚቃው ከተቀነሰ በኋላም እጆቹን እንደገና አጣመረ። ወደ ተራሮቹ አየ። እነሱን አየ። ከዚያ ግንቡን በጥድፊያ ወጣ፤ በዚያ ዕድሜ የማይጠበቅ ጥድፊያ ነበር።

«ሥጋ ብንሰጠው ኖሮ ይስቅ ነበር» አለ ጁቬናል።

ኢያራ አልሳቀችም። ሽማግሌው ከመሄዱ በፊት በእጁ ወደ ፎጣው ሲጠቁም ያየችው እሷ ብቻ ነበረች።

«ምን ላይ አፍጥጠሽ ቀረሽ?»

ክሌበር ከኋላዋ ቆሟል። የጁቬናል ልጅ ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመቱ። በአምስት ዓመቱ ስለመጣ ጃፓንኛውን እንደ ጃፓን ልጅ ያንበለብለዋል። በስልክ ፒዛ የሚያዘው እሱ፣ ከጎረቤት ጋር የሚከራከረው እሱ፣ ወረቀት ሲመጣ ምን እንደሚል የሚናገረውም እሱ ነው። አምና ትምህርቱን ትቶ ፋብሪካ ገብቷል።

«ሰሌዳው ምን ይላል?» አለችው።

«ቆሻሻ አትጣሉ።»

ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ነው የመለሰው። እጁ ላይ የሥጋ መቆንጠጫ አለ። ፉጨቱን እያፏጨ ወደ ፍሙ ተመለሰ።

ኢያራ እንደገና አየች። «ቆሻሻ» የሚለውን ቃል እዚህ አገር በመጣች በመጀመሪያው ሳምንት ተምራዋለች። በሕንፃቸው ደረጃ ሁሉ ላይ ተለጥፏል፤ በቀላሎቹ ፊደላት ነው የሚጻፈው። እዚህ ሰሌዳ ላይ የለም።

ፎጣውን መልሳ ልትሰቅለው አሰበች።

ምክንያት ነበራት። መምህርት ሆሪዩቺ ለውጭ ልጆች በእጇ ያዘጋጀቻቸው ስድስት መጻሕፍት አሉ። መጀመሪያው ስለ ድመት ነው፣ ከስድስተኛው በኋላ ግን እውነተኛ መጽሐፍ ይመጣል። ኢያራ አራተኛው ላይ ናት። በክፍሏ ከሁሉ ትቀድማለች። ብዙ ጊዜ «መቼ ነው እውነተኛውን የምጀምረው?» ብላ ጠይቃለች።

«ስድስተኛውን ስትጨርሺ» ትላለች መምህርቷ። «አሁን ብትነኪው ግማሹን ታነቢያለሽ፣ ግማሹን ትፈጥሪያለሽ።»

መምህርቷ አልተሳሳተችም። ባለፈው መኸር ኢያራ አልሰማ ብላ ከሕንፃው መግቢያ ላይ አንድ ማስታወቂያ አነበበች። «ውሃ» አየች፤ «ይቆማል» አየች፤ ቀኑን አየች። በየበሩ እያንኳኳች ተናገረች። ብራዚላውያኑ ሁሉ የመታጠቢያ ገንዳቸውን ሞሉ። ድስት ሞሉ፣ ባልዲ ሞሉ፤ አንዷ ሴትዮ የልብስ ማጠቢያ ማሽኗን ሞላች። አባቷ የሩዝ ማብሰያውን ሳይቀር ሞልቶ ያን ቀን ዳቦ በሉ። ውሃው አልቆመም። ማስታወቂያው ስለ ጎረቤት ሕንፃ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በፋብሪካው አባቷን «የገንዳው አባት» ይሉታል። የመኪና በር በሚገጣጠምበት መስመር ላይ ቀኑን ሙሉ ይቀልዱበታል። አባቷ ኦስማር ቤት ሲገባ አንድም ቀን አልተናገራትም። ባለመናገሩ ነው የባሰባት። በልቧ ወሰነች፤ ስድስተኛው ሳያልቅ ለጃፓን የተጻፈ ነገር ለማንም ጮክ ብላ አታነብም።

ፎጣውን ግን አልሰቀለችውም። ዓይኗ የመጀመሪያውን መስመር ይዞታል።

«ሳይረን።» የተውሶ ቃል ስለሆነ በቀላል ፊደል ነው የተጻፈው። ቀጥሎ የማታውቀው ፊደል መጣ። ከዚያ «ወንዝ»፤ ከዚያ «ውጡ»።

ጠዋት ከሰሉን ሲያቀጣጥሉ ከሩቅ ሳይረን ጮኾ ነበር። ረጅም፣ ዝም፣ እንደገና ረጅም። ጁቬናል፣ «ቤዝቦል ተጀመረ» አለ። በዚህ ወቅት የልጆች ጨዋታ የሚከፈተው በሳይረን ነው። ከተማው ደግሞ ያለ ድምፅ ማጉያ አይኖርም። ቀን ላይ ይጮኻል፣ አመሻሽ ላይ ሙዚቃ ያሰማል፣ ሽማግሌ ሲጠፋ ስሙን ይጠራል። ከእነሱ መካከል ቀና ያለ አልነበረም።

ሦስተኛው መስመር በ«ግድብ» ይጀምራል። ይህም ቀላል ነው። ቀጥለው ሁለት ከባድ ፊደሎች አሉ፤ አንዱንም አታውቀውም። ከዚያ «በድንገት»፤ ይህን ፊደል የፈጣኑ ባቡር ስም ላይ ሁልጊዜ ታየዋለች። ከዚያ «ውሃ»። ከውሃ በኋላ አንድ የማታውቀው ፊደል፤ ብዙ ጭረት ያለው፣ ጥቅጥቅ ያለ።

ውሃው በድንገት ምን ይሆናል? ይቆማል? ይቀዘቅዛል? ይቀንሳል?

ወደ ወንዙ ዞረች።

ውሃው እንደ ቅድሙ ይመስላል። ወንዙ መሐል ካለችው የጠጠር ደሴት ላይ ታናሽ እህቷ ሊያ ድንጋይ ትደረድራለች። ስድስት ዓመቷ ነው። ወደዚያ ያሻገራት ክሌበር ነበር፤ ያኔ ውሃው ቁርጭምጭሚቱን አላለፈም። እናታቸው ዛሬ ሥራ ገብታለች። ስትወጣ፣ «ሊያን አደራ» ያለችው ኢያራን ነው።

እነሱ ያሉበት ሰማይ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። ሸለቆውን ሽቅብ ስታይ ግን ተራራው የለም። ያለው ጥቁር ነገር ነው፤ ከመሬት እስከ ሰማይ። ንፋስ የለም። ቀኑን ሙሉ ዛፍ ላይ እየጮኹ ጆሮ ያደነቆሩት ነፍሳት በወዲያኛው ዳርቻ ጸጥ ብለዋል። ከዚያ ውሃውን ልብ ብላ አየችው። የጥድ ቅጠል ይዟል። ብዙ አይደለም፤ ግን ቅድም አንድም አልነበረም።

ወደ አባቷ ሄደች። አባቷ ፍሙን በካርቶን ያራግባል።

«አባዬ።»

«ራበሽ? ገና ነው።»

«እንሂድ።»

«የት?» አለ ጁቬናል። ወንበሩ ላይ ተንጋሎ ጓራና የሚባለውን የብራዚል ለስላሳ ይጠጣል። «ሥጋው ደም ይተፋል፣ እንሂድ ትላለች እንዴ?»

«ሰሌዳው ላይ ግድብ ይላል። ውሃ ይላል። በድንገት ይላል።»

«በድንገት ምን?»

ኢያራ ወደ ሰሌዳው ዞራ አየች። «እሱን አላውቀውም።»

ጁቬናል ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «ኔይዴ! ገንዳውን ከመኪና አውርጂ! ፕሮፌሰሯ አንብባለች!»

«ውይ፣ ልጅቷን ተዋት» አለች ኔይዴ፤ እሷም ግን ዓይኗን እያበሰች ትስቃለች። «የልብስ ማጠቢያ ማሽኔን ባመጣሁት ኖሮ።»

አባቷ አልሳቀም። ማራገቡን ግን አልተወም። ኢያራ ጆሮው ሲቀላ አየች።

«ክሌበር አንብቦታል» አለ ጁቬናል። «እዚሁ ያደገ ልጅ ነው። እስቲ ንገራቸው፤ ምን ይላል?»

«ቆሻሻ አትጣሉ» አለ ክሌበር ሥጋውን እየገለበጠ።

«ቆሻሻ የሚል ቃል የለበትም» አለች ኢያራ።

«አቦ! ከመቼ ጀምሮ ነው አንቺ እኔን የምታርሚኝ? የድመት መጽሐፍ እያነበብሽ ሙድ ትይዥብኛለሽ?»

«ና አሳየኝ። ቆሻሻ የሚለው የቱ ጋ ነው?»

ክሌበር ቀና አለ። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ቁጣ የጠበቀችበት ዓይን ላይ ሌላ ነገር አየች። ይለምናታል። እንድትተወው ይለምናታል።

ያን ጊዜ ገባት። ክሌበር ማንበብ አይችልም። ወረቀት ሲመጣ አንዴ ገልመጥ አድርጎ ቶሎ የሚመልሰው ለዚህ ነው፤ የባንኩን፣ የትምህርት ቤቱን፣ የሐኪሙን፣ ሁሉንም ሲገምት ኖሯል።

ዝም ማለት ትችላለች። ማንም እንድታነብ አልጠየቃትም። ከተናገረችና ከተሳሳተች ነገ ፋብሪካው ውስጥ የሚሳቅበት አባቷ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ። እሱ ደግሞ ምንም ሳይል ቤት ይገባል። ዝም ካለችና ካልተሳሳተች ግን ሊያ ደሴቷ ላይ ናት።

ሳይረኑ ጮኸ።

አሁን ከሩቅ አልነበረም። ከራሳቸው በላይ፣ ግንቡ ላይ ከቆመው ምሰሶ ነው። ደረት ያንቀጠቅጣል። ረጅም ጮኾ አቆመ። እንደገና ጮኸ።

«ሁለተኛው ጨዋታ ተጀመረ» አለ ጁቬናል። ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልሞቀም።

«የመጀመሪያው መስመር ላይ ሳይረን ይላል» አለች ኢያራ። «ሳይረን፣ ወንዝ፣ ውጡ ነው የሚለው። ሁሉንም አላነበብኩም አባዬ። የማላውቃቸው አሉ።»

አባቷ ካርቶኑን ያዘ እንጂ አላራገበም። «የምታውቂውን እርግጠኛ ነሽ?»

«የማውቀውን አውቃለሁ።»

«የገንዳው ጊዜም እንዲህ ብለሽ ነበር።»

«ያኔ ያልኩት ሁሉንም አውቃለሁ ነው።»

ኦስማር ልጁን አያት። ከዚያ ካርቶኑን ድንጋይ ላይ አስቀመጠና ወደ ውሃው ዞረ።

«ሊያ! ነይ!»

ሊያ ሰምታ ተነሳች። ወደ ዳር መጣችና ቆመች። እግሯን ነክራ መልሳ አወጣችው። በእሷና በእነሱ መካከል ባለው ሰርጥ ውስጥ ውሃው ድምፁን ለውጧል። አይጮኽም፤ ያጉረመርማል።

«አባዬ፣ ጥልቅ ሆነ!»

ኦስማር ጫማውን ሳያወልቅ ገባ። ከኋላው የብረት ድምፅ ተሰማ፤ ክሌበር መቆንጠጫውን ጥሎ ሮጠ። አጎቱን ኦስማርን ቀደመው። ውሃው ጭኑ ድረስ መጣ። አንድ ጊዜ ተንገዳገደ፣ በእጁ ድንጋይ ያዘ፣ ቆመ። ሊያን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲመለስ ኦስማር ቀበቶውን ይዞ ጎተተው። ሦስቱም ዳር ደረሱ።

«ወደ ላይ» አለ ኦስማር። «ሁላችሁም። አሁኑኑ።»

«እኔ በአንድ ሰሌዳ ምክንያት ይህን የመሰለ ሥጋ አልጥልም» አለ ጁቬናል።

የኔይዴ ሳቅ ፊቷ ላይ የለም። ቦርሳዋን ብቻ አንስታ በግንቡ መውጫ ሄደች። ኦስማር የራሱን ትንሽ መኪና አስነስቶ ሴት ልጆቹንና ክሌበርን ይዞ ወጣ። ኢያራ በኋለኛው መስኮት አየች። አጎቷ ብቻውን ጥብሱ አጠገብ ቆሟል፤ መቆንጠጫውን ከመሬት አንስቶ ሥጋውን ይገለብጣል።

ማዕበል አልመጣም። ውሃው ከጠጠሩ ሥር ነው የወጣው፣ በድንጋዮቹ መሐል፣ ድምፅ ሳያሰማ። ከፍሙ ነጭ ጭስ ሲነሳ አጎቷ ወደ እግሩ አየ። ውሃ ውስጥ ቆሟል። ያን ጊዜ ሮጠ። ቫኑ ሁለት ጊዜ አልነሳ አለ። በሦስተኛው ተነሳ። ጎማው ጠጠሩን እየበተነ፣ የጎን በሩ እንደተከፈተ፣ ሽቅብ ወጣ። ወንበሮቹ ከኋላው መንሳፈፍ ጀምረዋል።

ከዚያ ድምፁ መጣ። ብዙ የጭነት መኪና በአንድ ጊዜ ሲመጣ የሚሰማ ዓይነት ነው። ውሃው ቡናማ ሆነ። ሙሉ ዛፍ ከነሥሩ ይዞ አለፈ። ሊያ ድንጋይ የደረደረችባት ደሴት ግማሽ ሆነች፤ ኢያራ ዓይኗን ጨፍና ስትገልጥ የለችም። ቢጫው ሰሌዳ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይንቀጠቀጣል።

ግንቡ ላይ ቆመው አዩ። ሊያ የአባቷን አንገት አንቃ ይዛለች። የአጎቷ ሱሪ እስከ ጉልበቱ ረጥቧል።

«ክሌበር» አለ ጁቬናል በመጨረሻ። «ቆሻሻ ነው አላልክም?»

ክሌበር ወደ ኢያራ አየ። ይህን እሷ ልትመልስለት አትችልም።

«አላነበብኩትም» አለ።

«ለምን አላነበብክም? ፊትህ ቆሞ!»

«ማንበብ አልችልም አባዬ።»

ጁቬናል የቀልድ መልክ ፊቱ ላይ ፈለገ። አላገኘም። «የቤቱ ኪራይ ውል? የእናትህ መድኃኒት?»

«ጃፓን ጓደኞቼን እጠይቃለሁ። ካላገኘኋቸው እገምታለሁ።»

ኔይዴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጁቬናል ወንዙን አየ።

«ምን ያህሉን ነው የገመትከው?» አለ ቀስ ብሎ።



የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ ወደቀ። ትልቅና ሞቃት ነበር። ጥቁሩ ነገር ከሸለቆው ወጥቶ እነሱ ላይ ደርሷል። ወደ መኪናዎቹ ተበተኑ። ወደ ቤት የሚወስደው አንድ መንገድ ነው፤ በገደሉ ሥር የሚሄደው ጠባቡ መንገድ። በግራ ድንጋይ፣ በቀኝ ወንዝ።

ኦስማር ሞተሩን አስነሳ። ሊያ ኋላ ገባች። ኢያራ በሩን ልትዘጋ ስትል ክሌበርን አየችው። ቫኑ ውስጥ አልገባም። መንገዱ ከሚጀምርበት ቦታ፣ ዝናብ ላይ ቆሟል። ፊቱ ነጭ ሰሌዳ አለ፤ ዙሪያው በቀይ የተቀባ። ጠዋት ሲመጡ ልብ አላለችውም።

ወጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ይሄስ?» አላት። ሳይፏጭ፣ ሳይቀልድ።

ኢያራ ቀና ብላ አየች። ከወንዙ ሰሌዳ ይልቅ ጽሑፉ ብዙ ነው። መሐሉ ላይ ቁጥር አለ። የማታውቃቸው ፊደሎች ከምታውቃቸው ይበልጣሉ። ገና ሁለት መጻሕፍት ይቀሯታል።

ቫኑ ጡሩምባውን ነፋ። ጁቬናል አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ኑ እንጂ! ዝናብ ላይ ትምህርት ቤት ልትከፍቱ ነው?»

ክሌበር አልተነቃነቀም። ኢያራ ፊቷን በእጇ ጠርጋ ጣቷን ከላይ፣ የመጀመሪያው ፊደል ላይ አደረገች።

«ይህ ዝናብ ነው» አለች። «ቀጣዩን አላውቀውም። ይህኛው መንገድ ነው። ቆይ፣ እንደገና ከላይ ልጀምር።»

ከኋላቸው አባቷ ሞተሩን አጠፋ።